ሰው አንዴ መጥቶ ተመዝግቦ ለምን ይጠፋል? ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ችግረኛ ሰፈር ለምንሠራ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ቋንቋቸውና ሃይማኖታቸው የተለያየ፣ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ ሰዎች ተጎራብተው በሚኖሩበት ሰፈር የማኅበራዊ አገልግሎት ማዕከል አስተባብራለሁ። ሥራ ለሚፈልጉ ድጋፍ እናደርጋለን፤ በመኖሪያ ቤት ጉዳይ እናማክራለን፤ ሕፃናትን ለመዋያ እንመዘግባለን፤ ለአረጋውያንም የቤት ለቤት እንክብካቤ እናመቻቻለን። ችግሬ ሰው መጥቶ ከተመዘገበ በኋላ መጥፋቱ ነው። አለቆቼ «ግንዛቤ ስለሌለ ነው» ብለው ለመጪው ዓመት የግንዛቤ ማስጨበጫ ዘመቻ እንዳቅድ አዘዋል፤ በራሪ ወረቀት፣ ስብሰባ፣ የድምፅ ማጉያ። ያለኝ በጀት ዘመቻውን ለማካሄድ ወይም አንድ ሠራተኛ ለመቅጠር ይበቃል፤ ለሁለቱም አይሆንም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ወይም ከጠረጴዛው ወዲያ በኩል የተቀመጣችሁ፣ በምን ትጀምሩ ነበር?

መልስ፤ ጡረታ ከወጣች የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ

ዘመቻውን ይተዉት። መጥቶ የተመዘገበ ሰው አገልግሎቱ መኖሩን ያውቃል፤ እንግዲህ ግንዛቤ የጎደለው ማን እንደሆነ አለቆችዎን ይጠይቁልኝ።

መጀመሪያ የሚሠራው ነገር ገንዘብ አይፈልግም። ባለፈው ዓመት የተከፈቱትን መዝገቦች ከመደርደሪያ አውርደው እያንዳንዱ ባለጉዳይ የት ላይ እንደቆመ ይመዝግቡ። እንደተመዘገበ ነው? ማስረጃ አምጣ ሲባል ነው? ቀጠሮው ሲርቅበት ነው? ወይስ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ሲላክ? ሰው በሁሉም ቦታ እኩል አይጠፋም። አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ተከምሮ ያገኙታል፣ መጠገን ያለበትም ያ ቦታ ነው።

በእኔ የሥራ ዘመን ብዙ ሰው የሚጠፋው ወደ ሌላ ቢሮ ስንልከው ነበር። አድራሻ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ሰጥተን ግዴታችንን እንደተወጣን እንቆጥራለን። ሰውዬው እዚያ ሲደርስ ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ታሪኩን እንደገና ከሀ ይጀምራል፤ አንዳንዴም አገልግሎቱ ከተቋረጠ ከርሟል። ባለጉዳዩ ፊት ለፊትዎ ተቀምጦ ሳለ ይደውሉ። የሚቀበለውን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ይያዙለት፤ ከሳምንት በኋላም ደርሶ እንደሆነ ያጣሩ። ይህ እስኪረጋገጥ መዝገቡ አይዘጋ።

መልስ፤ ከአስተርጓሚ

አንድ ነገር ብቻ ብጠይቅዎ፣ አሁን የሚያስተረጉምላችሁ ማን ነው? መልሱ «አብሯቸው የመጣ ልጅ» ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙት። የእናቱን የማኅፀን ሕመም ወይም ቤተሰቡ ከቤት ሊወጣ መሆኑን በራሱ አንደበት እንዲናገር የተገደደ ልጅ ይጎዳል፤ እናትየዋም በልጇ ፊት ዋናውን ነገር ትደብቃለች። በአሜሪካ የጤና አገልግሎትን የሚመለከተው ደንብ፣ ሌላ አስተርጓሚ በሌለበት ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት መጠቀምን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጎረቤትን ማስተርጎምም የራሱ ጣጣ አለው። ቁጥሩ አነስተኛ በሆነ ማኅበረሰብ ውስጥ ሁሉም ይተዋወቃል። በባሏ የምትደበደብ ሴት ወሬው ማታውኑ ቤቷ እንደሚደርስ ከጠረጠረች አፏን አትከፍትም። እዚህ ላይ በስልክ የሚሰጥ የትርጉም አገልግሎት ይሻላል፤ አስተርጓሚው ሩቅ ነው፣ ፊቷን አያይም፣ ስሟንም ማወቅ አያስፈልገውም። አውስትራሊያ ይህን ዓይነት አገልግሎት በመንግሥት ደረጃ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ እስከ ዛሬም ሌት ተቀን ይሠራል።

ስለዚህ ሠራተኛ ለመቅጠር ቢወስኑም አስተርጓሚ አይቅጠሩ። የእኔን ሙያ ሰዎች ቅር እንዳይላቸው እንጂ፣ አንድ ሰው የሰፈሩን ቋንቋ ሁሉ ሊችል አይችልም። ይልቅ በአስተርጓሚ ለሚካሄድ ውይይት የቀጠሮውን ጊዜ እጥፍ ያድርጉት። ሠራተኞችዎ ባለጉዳዩን እያዩ፣ በአጭር በአጭሩ ይናገሩ። በመጨረሻ «ገባህ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም ሰው አዎ ይላል። «ነገ ምን እንደምታደርግ እስቲ ንገረኝ» ይበሉት። በራሪ ወረቀቱንም በአሥር ቋንቋ ከማሳተምዎ በፊት ሰዉ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ማንበብ ይችል እንደሆነ ይወቁ። ለብዙዎች በድምፅ የተቀዳ አጭር መልእክት ይቀላል።

መልስ፤ ተገልጋይ ከነበረ

ከወዲያ በኩል የተቀመጥሁ እኔ ነኝ። አንድ መሥሪያ ቤት እርዳታ ፈልጌ ሄጄ የጠፋሁትም እኔው ነኝ። ምክንያቴን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

የቀን ሠራተኛ ነበርሁ። ቢሮው የሚከፈተውም የሚዘጋውም እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፤ አንድ ቀን ሄድሁ ማለት የአንድ ቀን ደመወዝ ቀረ ማለት ነው። ጥበቃው በር ላይ አስቁሞኝ ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። ገባሁ፣ ያንኑ ታሪክ በየመስኮቱ ደገምሁ። ከዚያ የቤት ኪራይ ውል አምጣ ተባልሁ። የምኖረው ክፍሉን ተከራይቶ ለእኔ ባጋራኝ ሰው ስም ነው፤ ውል ከየት ይመጣል? በላዩ ላይ የሞላሁት ፎርም ለፖሊስ ይተላለፍ አይተላለፍ የነገረኝ ሰው የለም። ወጣሁ፣ አልተመለስሁም።

መረጃውን ማን እንደሚያየው፣ ማንስ እንደማያየው መግቢያው ላይ በጉልህ ጽፋችሁ ለጥፉ፤ ለማያነብም በቃል ንገሩ። ግን የማትጠብቁትን ቃል አትለጥፉ።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መዝገቦቹን አየናቸው። እንደተባለውም ነው፤ ከጠፉት አብዛኞቹ ማስረጃ ከተጠየቁ በኋላ የቀሩ ናቸው፣ ቀጥሎ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት የተላኩት ይመጣሉ። ሠራተኞቼ ግን «ማስረጃውን የምንጠይቀው ደንብ ስለሆነ ነው» ይላሉ። ሌላም ነገር አለ። ከየማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች ያሉበት አማካሪ ኮሚቴ አለን፤ ሽማግሌዎቹ ችግር የለም ሲሉ ሴቶቹና ወጣቶቹ ለብቻቸው ሌላ ይነግሩኛል። ማንን ልስማ?

መልስ፤ ከፕሮግራም ገምጋሚ

ስለ ማስረጃው፦ እያንዳንዱን ወረቀት አንድ በአንድ ይዘው «የትኛው ደንብ፣ የትኛው አንቀጽ?» ብለው ይጠይቁ። የአንዳንዱ ምንጭ አይገኝም፤ አንድ ኃላፊ በአንድ ወቅት ጠይቆት እንደ ሕግ የቀረ ነው። በእርግጥ የግድ ለሆነው ደግሞ አማራጭ ማስረጃ ደንቡ ይፈቅድ እንደሆነ ይዩ፤ በኪራይ ውል ፋንታ የምስክር ቃል፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ደብዳቤ። አንዴ የገባ ወረቀት በባለቤቱ ፈቃድ ለሌሎቹም ክፍሎች ያገልግል።

የእንግሊዝ ሐኪም ጁሊያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ጥሩ የሕክምና አገልግሎት በብዛት የሚገኘው እምብዛም በማያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ እንደሆነ ጽፎ ነበር። የወረቀት ክምርም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። ኑሮው የተደላደለ ሰው ማስረጃውን በፋይል አስሮ ይመጣል፤ የተቸገረው ይቀራል።

«ግንዛቤ» የሚለው ሰበብም አዲስ አይደለም። አሜሪካውያኑ የማኅበራዊ ለውጥ አራማጆች ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር እ.ኤ.አ. በ1889 ቺካጎ ውስጥ ስደተኞች በሚበዙበት ሰፈር ሃል ሀውስ የተባለውን ማዕከል ሲከፍቱ፣ ሰፈሩ የቆሸሸው ነዋሪዎቹ ንጽሕና ስለማያውቁ ነው ይባል ነበር። የማዕከሉ ሴቶች ቆሻሻ አነሣሡን ራሱን ተከታትለው መረመሩ፤ ሥራው በአግባቡ እንደማይሠራ አረጋገጡ። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1895 የቀጣናው የቆሻሻ ተቆጣጣሪ ሆና ተሾመች፣ በማለዳ ተነሥታም የቆሻሻ ጋሪዎቹን ትከተል ነበር። ይህን ለአለቆችዎ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ኮሚቴው፦ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሼሪ አርንስቲን እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ከፋፍላ ነበር። ታችኛው እርከን ሰዎችን ለይስሙላ ሰብስቦ መጠቀሚያ ማድረግ ነው፤ ላይኛው ውሳኔው በእነርሱ እጅ ሲሆን ነው። ማማከር መሐል ላይ ይገኛል፤ ሥልጣን ካልተጨመረበት ከይስሙላ አይወጣም። ሽማግሌዎቹን አይበትኑ፣ ቅሬታው ይተርፍዎታል። ሴቶችንና ወጣቶችን ለብቻቸው፣ በሚመቻቸው ቦታ ይሰብስቡ፤ ልጅ የሚይዝላቸው ሰው ያዘጋጁ። ከዚያ ትንሽም ቢሆን የሚወስኑበት ገንዘብ ይስጧቸው። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 ነዋሪዎች ከከተማው የመዋዕለ ንዋይ በጀት ከፊሉ በምን ላይ እንደሚውል በየሰፈሩ ተሰብስበው እንዲወስኑ አድርጋለች። የእርስዎ ማዕከል ከተማ አይደለም፤ ነገር ግን የመጠበቂያ ክፍል ወንበር ወይም የመክፈቻ ሰዓት ከላይ እስኪወሰን መጠበቅ የለበትም።

መልስ፤ ከሰፈር ጤና ሠራተኛ

እኔ ከሁሉም የምለየው በቅጥሩ ላይ ነው። ገንዘቡን ከሰፈሩ ለሚወጣ ሰው ያውሉት፤ በዲግሪው ሳይሆን ሰው ችግሩን የሚያዋየው በመሆኑ የሚመረጥ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1994 የቤተሰብ ጤና ፕሮግራሟን ስትጀምር የጤና ወኪሎቹ በሚያገለግሉት ሰፈር የሚኖሩ እንዲሆኑ አድርጋለች፤ በየወሩ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሥራው ሰውን መሸኘት ነው፤ ፎርም አብሮ መሙላት፣ ወደ ሌላው ቢሮ አብሮ መሄድ፣ የቀረውን ቤቱ ሄዶ መጠየቅ።

ሆኖም ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ደመወዙ የሙሉ ሠራተኛ ደመወዝ ይሁን፤ «በጎ ፈቃደኛ» እየተባለ የሚለፋ ሰው ብዙ አይቆይም። ምስጢር ስለ መጠበቅ ይሠልጥን፤ የቅርብ ዘመዱን ጉዳይም ሌላ ሠራተኛ ይያዘው። ከአንዱ ማኅበረሰብ ብቻ ስለሚመጣ ሌሎቹ «የእነርሱ ሰው ነው» ይላሉና፣ መምረጫውን መስፈርት አስቀድመው ለሁሉም ያሳውቁ፣ ቃለ መጠይቁ ላይም ከሌሎቹ ማኅበረሰቦች ሰው ያስቀምጡ።

ጠያቂው

የቅጥሩን ሐሳብ ከመዝገቦቹ ውጤት ጋር ለአለቆቼ አቀርባለሁ። የማስረጃውን ዝርዝር ነገ ከሠራተኞቼ ጋር እንጀምራለን። የማታ ሰዓት ግን ያስቸግረኛል፤ ሠራተኞቼም ቤተሰብ አላቸው።

መልስ፤ ተገልጋይ ከነበረ

በየቀኑ አትክፈቱ። በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃል፣ ግን ቀኑ አይቀያየር። ያን ምሽት የሚሠራው ሰው በማግስቱ አርፍዶ ይግባ። ቀኑን ደግሞ እናንተ አትምረጡት፤ ቅዳሜ ወይም ዓርብ ለአንዱ የጸሎት ቀን ይሆናል። ለመመዝገብ የመጣውን ሁሉ «የትኛው ምሽት ይመችሃል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ቁጠሩት። ጥበቃውንም አነጋግሩት።