ከባሕር ዳር ቪየና፦ ልጆቼንና እናቴን ይዤ ክላሲካል ኮንሰርት ልገባ ነው፣ ምን ማወቅ አለብኝ?

የዘንባባ ጥላ፦
ጤና ይስጥልኝ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፣ አሁንም የምኖረው እዚሁ ነው። እህቴ ቪየና ናት። በዚህ ክረምት ሁለቱን ልጆቼንና እናታችንን ይዤ ልጠይቃት ነው። ቪዛው ወጥቷል (የቪዛውን መከራ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው)። እሷ ደግሞ ደስ ይበላቸው ብላ የኮንሰርት ቲኬት ቆርጣልናለች። አዳራሹ ሙዚክፌራይን ይባላል። ቀኑ ሐምሌ ውስጥ ነው። ተጫዋቾቹ የድሮ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ ዊግ አጥልቀው ሞዛርትን ነው የሚጫወቱት አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከሙሉዓለም አዳራሽ ውጭ ተቀምጬ ሙዚቃ የሰማሁበት ቦታ የለም። እዛ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ደስ ሲለን እናጨበጭባለን፣ ሲብስብን ተነስተን እስክስታ እንወርዳለን። የፈረንጆቹ ላይ ግን ሰው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቀመጠው ይባላል። ትልቁ 11 ዓመቱ ነው፣ እሱ አያሳስበኝም። ትንሿ 6 ዓመቷ ነው፣ አንድ ቦታ አትረጋም። ከሁለቱም በላይ ግን የምፈራው እናቴን ነው። ደስ ካላት እልል ማለቷ አይቀርም፣ በማታውቀው ሰው ሠርግ እንኳ ቀድማ የምትጀምረው እሷ ናት።

ምን ይለበሳል? መቼ ነው የሚጨበጨበው? ትንሿን ቤት ልተዋት? ቲኬቱ ላይ 20፡15 ይላል፣ በኛ ስንት ሰዓት ነው? እህቴን እንዳልጠይቅ እሷም ገብታ አታውቅም!

ዳኑብ ዳር፦
እዚሁ ቪየና ነው የምኖረው፣ ልንገርሽ። መጀመሪያ ሰዓቱ። 20፡15 በኛ አቆጣጠር ማታ 2፡15 ነው። ግን በሐምሌ ያን ሰዓት ፀሐይ ገና አልገባችም፣ ስለዚህ እናትሽ «ማታ አልሽ እንጂ ቀን አይደለም እንዴ» ቢሉሽ አትደነቂ። ሌላው፣ በክረምት ቪየና ከኢትዮጵያ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ኮንሰርቱ ሲያልቅ ለልጅቷ ሰውነት ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ነው ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ አስተኚያት። ይሄን ካላደረግሽ ሌላው ምክር ሁሉ ዋጋ የለውም።

ዊጉን ስትነግሪን ነገሩ ገባኝ። ያ ለቱሪስት የሚዘጋጅ ኮንሰርት ነው። የከተማው ትልልቅ ኦርኬስትራዎች በሐምሌና በነሐሴ ወይ እረፍት ላይ ናቸው ወይ ሌላ ከተማ ሄደዋል፣ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ለምሳሌ ክረምቱን ሳልዝበርግ ነው የሚያሳልፈው። የሙዚቃ አዋቂ ነን የሚሉ የዚህ አገር ሰዎች በባለ ዊጎቹ ይስቃሉ፣ አትስሚያቸው። ላንቺ ቤተሰብ እንደውም የተሻለ ነው። ሙሉ ሲምፎኒ (ረጅም የኦርኬስትራ ሥራ) ሳይሆን የታወቁ ክፍሎች እየተመረጡ ነው የሚጫወቱት፣ በመሀል ዘፋኝ ይወጣል፣ እረፍት አለ፣ ከነእረፍቱ ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። ግማሹ ተመልካች እንዳንቺ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ስለሆነ ያለቦታው ብታጨበጭቢ ማንም ዞሮ አያይሽም። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ራዴትስኪ ማርሽ የሚባል የሰልፍ ሙዚቃ ይጫወታሉ። እዛ ላይ ጭብጨባ የተፈቀደ ብቻ አይደለም፣ ኦርኬስትራ መሪው ራሱ ወደ ሕዝቡ ዞሮ በእጁ እየመራ ያስጨበጭባችኋል። ትንሿን ለዛች ሰዓት ቀስቅሻት።

አዳራሹ በፈረንጅ 1870 የተከፈተ ነው። 1744 መቀመጫ አለው፣ ከኋላ ደግሞ ለቋሚዎች 300 ገደማ ቦታ አለ። የሚገርመው ማይክ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም። ከእንጨት ወለሉ ሥር ባዶ ነው፣ ጣሪያውም ከላይ የተንጠለጠለ ነው፣ ቤቱ በሙሉ አብሮ ነው የሚያስተጋባው። ለዚህ ነው ሰው ዝም የሚለው፣ ለኩራት አይደለም። የቫዮሊኗን ሹክሹክታ የሚያደርስልሽ ቤት የከረሜላ ልጣጭ ድምፅም እንዲሁ ነው የሚያደርሰው። ስልክ ይዘጋ፣ ሳይለንት ሳይሆን ይዘጋ።

ቲኬቱ ባልኮን ላይ ከሆነ መስመሩን አጣሪ። በጎን በኩል ሁለተኛና ሦስተኛ ረድፍ ላይ የተቀመጠ ልጅ የሚያየው የፊቱን ሰው ጀርባ ብቻ ነው። ልጅ ደግሞ ካላየ አይሰማም።

ጎጃሜው፦
ይቅርታ ግን ዝም ብሎ ለመቀመጥ በዩሮ ይከፈላል? ለዛውም ዊግ ያደረገ ሰው ለማየት! ጀልባ ተከራይተሽ ዘጌ ብትወስጃቸው፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ቢያዩ፣ ማታ ደግሞ መሰንቆ ቢሰሙ አይሻልም? እኛ ጋ አዝማሪው ስምሽን እየጠራ ነው የሚዘፍንልሽ፣ ደስ ካለሽ ግንባሩ ላይ ብር ትለጥፊለታለሽ። እዛ ቫዮሊኒስቱ ግንባር ላይ ለጥፊ እስቲ፣ ፖሊስ ነው የሚጠራብሽ 😂

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ጎጃሜው፣ ዘጌ የትም አትሄድም፣ ሲመለሱ ይሄዳሉ። ዝም ብሎ መቀመጥን ግን እንደ ፈረንጅ ነገር አታድርገው። አንተስ ማኅሌት ቆመህ አታውቅም?

እህቴ፣ እናትሽ ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ማኅሌት ሲቆም ያደሩ ሴት ከሆኑ ስለ እሳቸው አትስጊ። ማኅሌት እንዴት እንደሚሄድ አስቢው። መጀመሪያ በቁም ዜማ ነው፣ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም። ከዚያ ዝማሜ ይመጣል፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። ቀጥሎ መረግድ፣ ከበሮው ይገባል ግን ገና ዝግ ያለ ነው። ጽፋት ላይ ይፈጥናል። በነዚህ መሀል ማን እልል ይላል? ማንም። ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ወረቡ ደርሶ፣ ከበሮው ደምቆ ሲያበቃ ነው እልልታው የሚቀልጠው። ሲምፎኒም እንዲሁ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ አንዱ ፈጣን፣ አንዱ ዝግ ያለ፣ በየመሀሉ ጸጥ ይላል፣ ሰው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ግን አያጨበጭብም። አራቱ ሲያልቁ ነው የሚጨበጨበው። እናትሽ እልልታ የት እንደሚገባ ከማናችንም በላይ ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪያቸው፣ መሪው እጁን አውርዶ ወደ ሕዝቡ ሳይዞር ሥራው አላለቀም። ከዚያ በኋላ ፈረንጆቹ «ብራቮ» ብለው ይጮኻሉ። በ«ብራቮ» መሀል አንድ እልልታ ምን ይሆናል? እንደውም ሳያጨበጭቡላቸው አይቀሩም።

ላ ድምፅ፦
ሙዚቃ አስተምራለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር። ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን ሁላችሁም ስለ ደንቡ ብቻ ነው ያወራችሁት። ልጅ የሚቁነጠነጠው ደንብ ስላላወቀ ሳይሆን ጆሮው የሚይዘው ነገር ስላጣ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ቤት ውስጥ አሰሚያቸው። «ፒተርና ተኩላው» የሚባል ሥራ አለ፣ ሩሲያዊው ፕሮኮፊየቭ በ1936 ለልጆች የጻፈው፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ተረቱን የሚናገር ሰው አለ፣ እያንዳንዱ እንስሳ ደግሞ የራሱ የትንፋሽ መሣሪያ አለው። ወፏ ፍሉት ናት፣ ዳክዬዋ ኦቦ፣ ድመቷ ክላሪኔት፣ ተኩላው ሦስት ሆርን። ቋንቋው እንዳይቸግራት ተረቱን አንቺው በአማርኛ እየነገርሻት ሙዚቃውን ክፈቺላት። ቪየና ስትገባ «ዳክዬዋ የታለች?» ብላ መፈለግ ትጀምራለች፣ ያኔ ተቀመጪ ማለት አያስፈልግሽም። ሊጀመር ሲል አንድ መሣሪያ ብቻውን ረጅም ድምፅ ያወጣል፣ ሌሎቹ ከሱ ጋር ይቃኛሉ። ብዙ ጊዜ ያቺ ዳክዬዋ ናት፣ ኦቦ።

ለትልቁ ደግሞ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ። በስድስት ዓመታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው እዛ ቫዮሊን የተማሩ፣ ኋላ መንኩሰው ኢየሩሳሌም የኖሩ እናት ናቸው፣ በ2023 ነው ያረፉት። የአውሮፓው ፒያኖና የኛ ዜማ በአንድ ሰው እጅ ሲገናኙ ይሰማል፣ ልጁ ይሄ ነገር የሌላ ሰው ነው ብሎ እንዳይገባ ይረዳዋል።

አንድ ተጨማሪ። ሞዛርት በ1762 በሾንብሩን ቤተ መንግሥት ለእቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ሲጫወት ልክ የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ቤተ መንግሥቱ እዛው ቪየና ነው፣ ይጎበኛል። ከኮንሰርቱ በፊት ወስደሽ «አንቺን በሚያክልበት ጊዜ እዚህ ተጫውቷል» ብትያት ይበቃል።

የዘንባባ ጥላ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ! ትንሿን እወስዳታለሁ፣ ወስኛለሁ። እናቴ የቅኔ ቤት ልጅን መልስ ሳነብላት «እንዴ፣ ማን መሰልኳችሁ» ብላ ተቆጣች። ልብስን ግን ማንም አልመለሰልኝም። እሷ የምትለው የአገር ልብስና ነጠላ ነው። ደግሞ ለልጆቹ ቆሎ ይዤ ብገባ ችግር አለው?

ዳኑብ ዳር፦
ቆሎ?! እህቴ፣ እንደዛ አይነት ቤት ውስጥ አንዲት ሽምብራ ስትቆረጠም ከመድረኩ ላይ ይሰማል 😂 እረፍት ላይ ውጭ ይብሉ። የአገር ልብሱ ያምራል፣ ይልበሱት፣ ነጠላውንም ከትከሻቸው ማንም አያስወልቃቸውም። ኮትና ጃኬት ግን መግቢያው ላይ ለሚቀበሉት ሰዎች ትሰጫለሽ፣ ይዘሽ አትገቢም፣ ቁጥር ይሰጡሻል። ቁጥሩን ለትልቁ ልጅ ስጪው፣ ሥራ ይኑረው። ደግሞ ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ከተጀመረ በኋላ በሩ ይዘጋል፣ የዘገየ ሰው የሚገባው አንዱ ሥራ አልቆ ሲጨበጨብ ነው። «የሐበሻ ቀጠሮ» እዛ አይሠራም።