ክርክር፦ የክላስ ውርስ ከአዲስ ኮድ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄው፦ ጎ እና ረስት የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች የክላስ ውርስ (አንድ ክላስ የሌላውን ክላስ ዳታና ሜተድ፣ ማለትም ተግባር፣ እንዳለ መውሰዱ) የላቸውም፤ ትልልቅ ሲስተሞች ግን ይጻፍባቸዋል። በጃቫ ወይም በፓይተን አዲስ ሥራ ስንጀምር ክላስን ኤክስቴንድ ማድረግ (መውረስ) ብንከለክል ምን ይጎድልብናል?

ባለ ጎ፦ ምንም። የጃቫን ስታክ ተመልከቱ። ስታክ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ የሚወጣበት ስለሆነ ፑሽ (ማስገባት)፣ ፖፕ (ማውጣት) እና ፒክ (የላይኛውን ማየት) ይበቁታል። ቬክተር የሚባለውን የዝርዝር ክላስ ስለወረሰ ግን በፈለጉት ቦታ የሚያስገባው ኢንሰርት ኤለመንት አት የሚባለውም አብሮት መጣ። ማንም 0ኛው ቦታ ላይ አንድ ዕቃ ሊሸጉጥበት ይችላል፣ ኮዱን የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ዝም ይላል። ከጃቫ 1.0 ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ ማስተካከል የቆየ ኮድ ይሰብራል። የጃቫ ሰነድ ራሱ ዛሬ በስታክ ፋንታ «ዴክን ተጠቀሙ» ይላል። ሲወረስ ቤቱ ብቻ አይደለም፣ ዕዳውም ነው።

ባለ ጃቫ፦ ይሄ የወራሹ ጥፋት ነው። «ነው» እና «አለው» ተምታተውበታል። ስታክ ቬክተር አይደለም፤ ቬክተር ቢኖረው ግን ያምርበታል። ፕራይቬት ፊልድ (ከውጭ የማይታይ የክላሱ ተለዋዋጭ) ላይ ይዞት ሦስቱን ሜተዶች ብቻ ማሳየት ነበረበት።

ባለ ጎ፦ «ነው» የሚለው መለኪያ ራሱ ያታልላል። ታይምስታምፕ ዴት ነው አይደለም ብትል ሁሉም «ነው» ይልሃል። የጃቫ የዳታቤዝ ፓኬጅ ታይምስታምፕም የዩቲል ፓኬጁን ዴት ወርሶ ናኖሰከንድ ጨመረበት። ሚሊሰከንዳቸው እኩል የሆነ ሁለቱን ወስደህ ዴቱን ስለ ታይምስታምፑ በኢኳልስ (እኩልነትን በሚፈትሸው ሜተድ) ጠይቀው፤ እኩል ነን ይላል። ገልብጠህ ታይምስታምፑን ጠይቀው፤ አይደለንም ይላል። ሊስት ውስጥ ቀላቅለህ ስትፈልግ መገኘቱ በጠያቂው ይወሰናል ማለት ነው።

ባለ ፓይተን፦ እናንተ ገና አንድ ወላጅ ላይ ናችሁ። ለ እና ሐ ሁለቱም ሀን ይወርሳሉ፤ መ ደግሞ ለን እና ሐን ይወርሳል እንበል። (ፓይተን 3 የክላስ ስም በፊደላችን ይቀበላል፣ ሞክሩት።) ከፓይተን 2.3 ወዲህ ሜተድ የሚፈለግበት ቅደም ተከተል መ፣ ለ፣ ሐ፣ ሀ ነው። ስለዚህ በመ ኦብጀክት ላይ፣ ለ ውስጥ የተጻፈው ሱፐር (በቅደም ተከተሉ ቀጣዩን ክላስ መጥሪያው) የሚጠራው ሐን ነው፣ ሀን አይደለም! ለን የጻፈው ሰው ሐ መኖሩን ላያውቅ ይችላል። ለ ኢኒቱ (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ሜተድ) ውስጥ ሱፐርን መጥራት ከረሳ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል፤ ሐ የሚሞላው ፊልድ ሳይሞላ ይቀርና ስህተቱ የሚፈነዳው ሌላ ቦታ፣ ፊልዱ ሲነበብ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም መጀመሪያ የ«መ» ክላስን ኤምአርኦ (ይህንኑ ቅደም ተከተል) ፕሪንት አድርጉ፤ ግማሹ ግምት ያኔ ይወድቃል።

ባለ ጃቫ፦ እሺ፣ አሁን የጎ ቋንቋን ጉድለት ልናገር። ኢምቤድ ያደረግከው (ሌላ ስትራክት ውስጥ የከተትከው) ስትራክት፣ ማለትም የጎ የፊልዶች ስብስብ፣ ራን በሚለው ሜተዱ ውስጥ ስቴፕን ቢጠራ የራሱን ስቴፕ ነው የሚያገኘው። ውጭኛው ስትራክት ሌላ ስቴፕ ቢኖረውም ወደዚያ አይሄድም። ጃቫ ውስጥ ግን ልጁ ኦቨርራይድ ያደረገው (በራሱ የተካው) ይጠራል። ቅደም ተከተሉ የወላጁ፣ ዝርዝሩ የልጁ የሆነ ሥራ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ባለ ጎ፦ በሽታውም እሱ ነው። ነገ ወላጁ ራን ውስጥ ስቴፕን መጥራት ቢተው፣ ወይም ሁለት ጊዜ ቢጠራ፣ የሜተዱ ፊርማ (ስሙና የሚቀበለው) ስላልተለወጠ ሁሉም ኮምፓይል ይሆናል፤ ልጁ ግን ተበላሽቷል። ስቴፕን በኢንተርፌስ (የሚጠበቁትን ሜተዶች በሚዘረዝር ውል) ከውጭ ስጠውና ጉዳዩ በግልጽ ይታይ።

ባለ ጃቫ፦ ወላጁም ልጁም አንድ ፓኬጅ ውስጥ፣ በአንድ ቡድን እጅ ካሉ የሰበረው ሰው ቴስቱ ሲወድቅ ያያል። ችግሩ የማታውቀው ሰው ክላስህን ከሩቅ ሲወርስ ነው። ለዚያ መቆለፊያ አለ፦ ኮትሊን በሚባለው ቋንቋ ውስጥ ክላስ ኦፕን ካልተባለ አይወረስም፤ ጃቫ 17 ላይ ሲልድ ብለህ ወራሾቹን በስም ትዘረዝራለህ።

ባለ ጎ፦ በዚያ ልክ ከሆነ እስማማለሁ። ሌሎች የሚጠቀሙበት ላይብረሪ ላይ ግን አይሆንም።

ባለ ፓይተን፦ ተቆልፎም አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ጃቫ ላይ የወላጁ ኮንስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈጠር የሚሮጠው ኮድ) ኦቨርራይድ የተደረገ ሜተድ ከጠራ የሚሮጠው የልጁ ነው፤ የልጁ ፊልዶች ግን ያኔ ገና አልተሞሉም። ስትሪንጉ (ጽሑፉ) ኑል ማለትም ባዶ፣ ቁጥሩ 0 ሆኖ ይነበባል። ሲልድ ይሄን አያድንም፤ ከኮንስትራክተር የሚጠራውን ሜተድ ፋይናል (ኦቨርራይድ የማይደረግ) ወይም ፕራይቬት አድርጉት።