ለንፍፊት ነጭ ሽንኩርት መለጠፍ ይሠራል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የ6 ዓመት ልጄ አገጯ ሥር እጢ ወጣባት። ሽምብራ ያህላል፤ ስነካው ይንሸራተታል፣ ትንሽም ያማታል። ባለፈው ሳምንት ጉሮሮዋን አሟት ነበር። እናቴ «ንፍፊት ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠሽ ለጥፊበት» ትለኛለች። ለእኔም በልጅነቴ አድርጋልኝ ጠፍቷል። ሳይንሱ ምን ይላል? እናቴንም ማስቀየም አልፈልግም።

መልስ
እህቴ፣ በናትሽ እንዳትለጥፊባት! እኔ ለልጄ ለጥፌለት፣ በጨርቅ አስሬ አሳደርኩት። ጠዋት ስፈታው ቆዳው ቀልቶ ውሃ ቋጥሯል። 3 ዓመት አለፈው፤ ጠባሳው ግን ዛሬም አለ። ሳየው አንጀቴን ይበላኛል።

ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ አሊሲን የሚባል ነገር ይወጣዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ባክቴሪያ ይገድላል፣ እውነት ነው። ጥሬው ግን ቆዳ ያቃጥላል። ንፍፊት ደግሞ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። ሰውነት ጀርም ሲዋጋ የሚያብጥ እጢ ነው። የጉሮሮ ሕመም ያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ በራሱ ይሟሽሻል። እናትሽ አልዋሹም፤ ያንቺም ጠፍቷል። ባይለጠፍበትም ይጠፋ ነበር ብዬ ነው የማምነው።

ሌላ አንባቢ
እርድና ዝንጅብል አፍልቶ መጠጣትስ? እኔን ያሽለኛል።

መልስ
ለጉሮሮ ደስ ይላል፣ ጠጪው። እጢውን ያጠፋል የሚል ማስረጃ ግን የለም። እርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ነው። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ስክሮፉላሪያ የሚባል ተክል ለአንገት እጢ ይሰጥ ነበር። ለምን? የአንዱ ዝርያ ሥር እንደ እጢ የተቋጠረ ስለሆነ! ያ እጢ ብዙ ጊዜ የቲቢ ነበር። ቲቢን ያሸነፈው ተክሉ ሳይሆን በኋላ የመጣው ፀረ ባክቴሪያ ነው። አሁንም የእጢ ቲቢ ሕክምና ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይፈጃል።

ጠያቂዋ
እሺ፣ መቼ ልፍራ?

መልስ
ከጠነከረ፣ አልንሸራተት ካለ፣ እያደገ ከሄደ ወይም 4 ሳምንት ካለፈው ሐኪም ይየው። ትኩሳቱ አልለቅ ካላት፣ ሌሊት ላብ ካጠመቃት ወይም ከከሳች ቀን አትቁጠሪ። መተንፈስ ወይም መዋጥ ካቃታት ደግሞ አሁኑኑ ውሰጃት። እስከዚያ ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ለ10 ደቂቃ ያዥላት፤ ሕመሙን ያስታግሳል።

ጠያቂዋ
ተባረኪልኝ። ፎጣውን እናቴ እንድትይዝላት አደርጋለሁ።