የቨርጂኒያ ዋራንት ሜሪላንድ ድረስ ይከተላል?

እህቱ_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የታናሽ ወንድሜ ነው፣ እሱ ስለሚያፍር እኔ ልጠይቅለት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ሲኖር ፖሊስ አስቁሞት ሬክለስ ድራይቪንግ (በግድየለሽነት መንዳት) ጻፈበት፣ በፍጥነት ነው። የኮርት ቀን ተሰጥቶት አልቀረበም። በዚያው ሰሞን ቤት ቀይሮ ስለነበር ደብዳቤ ይምጣ አይምጣ እንኳን አናውቅም። አሁን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ጓደኛው የቨርጂኒያ ፍርድ ቤት ገጽ ላይ ስሙን ሲፈልግ ጉዳዩ አልተዘጋም፣ ካፒያስ ወጥቶበታል። ዋራንት፣ የመያዣ ትእዛዝ ማለት ነው አሉን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለም። ጓደኞቹ ደግሞ በአንድ ሌሊት ሁሉም ጠበቃ ሆነዋል። አንዱ "ፖቶማክ ወንዝን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ካልገባህ ማንም አይነካህም" ይለዋል። አንዱ "ሰባት ዓመት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል" ይለዋል። ሌላው ጭራሽ መሪ አትጨብጥ ብሎት ሥራ ሊያቆም ነው፣ ኡበር ነው የሚሠራው። ልጁ ግሪን ካርድ ነው ያለው፣ የዜግነት ፎርም ሊሞላ እየተዘጋጀ ነበር፣ ለጥምቀትም ሀገር ቤት ሊሄድ ትኬት ቆርጧል።

ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊስ ቢያስቆመው ምን ይሆናል? ቨርጂኒያ አምጡልኝ ትላለች? ምን ያህል ጊዜ ያስሩታል? "እንደሰማሁት ከሆነ" የሚል መልስ ጠግበናል፣ እባካችሁ የሚያውቅ ይንገረን።

የጠበቃ_ቢሮ_ልጅ፦

እህቴ፣ እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ የወንጀል ጉዳይ የሚይዝ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። የምነግርሽ አሠራሩን ነው፣ ምክሩን ከጠበቃ ውሰዱ።

የፖቶማኩን ነገር እርሱት። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 4 ክፍል 2 አንድ ስቴት ውስጥ በወንጀል ተከሶ ሌላ ስቴት የተገኘ ሰው ተይዞ ይመለሳል ይላል፣ ከ1793 ጀምሮም ማስፈጸሚያ የፌዴራል ሕግ አለው። ከባድ ወንጀል ብቻ አይልም፣ ማንኛውም ወንጀል ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ሬክለስ ድራይቪንግን እንደ ተራ ቲኬት አታየውም። ክላስ 1 ሚስዲሚነር (ከፌሎኒ፣ ከከባድ ወንጀል፣ ዝቅ ያለ ወንጀል) ነው፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት አለው። ከተፈቀደው በ20 ማይል ከበለጥክ ወይም ከ85 ካለፍክ ወንጀል ሠርተሃል። ብዙ ሐበሻ ይሄን የሚያውቀው ከተያዘ በኋላ ነው። ኮርት አለመቅረቡ ለብቻው ሌላ ክስ ሊሆን ይችላል። "አልሸሸሁም፣ ቤት ነው የቀየርኩት" ማለትም አያዋጣም። ጥፋቱ ተፈጸመ የተባለ ቀን ቨርጂኒያ ነበርክ፣ አሁን የለህም፣ ለሕጉ ይሄ መሸሽ ነው፣ ምክንያትህን አይጠይቅም። ሰባት ዓመት የሚባለውም ከየት እንደመጣ እንጃ። ዋራንት ዳኛ እስኪያነሳው ወይም ሰውየው እስኪያዝ ድረስ ይቀመጣል።

ይሄ በወረቀት ነው። በተግባር ግን ነገሩ የገንዘብ ነው። ሰውየውን መጥቶ የሚወስደው ከሳሹ ስቴት ስለሆነ ወጪውም የሱ ነው። ፖሊስ ላይሰንስህን ወስዶ መኪናው ውስጥ ሲያጣራ ከሚያያቸው አንዱ ኤፍቢአይ የሚያስተዳድረው ኤንሲአይሲ የሚባል መዝገብ ነው። ዋራንቱን እዚያ ያስገባው ቢሮ እስከየት ድረስ ሄዶ ሰውየውን እንደሚያመጣ አብሮ ይመዘግባል። አንዳንዱ ከየትም አመጣለሁ ይላል፣ አንዳንዱ ከጎረቤት ስቴት ብቻ፣ አንዳንዱ ከስቴቴ አልወጣም። ብዙ ትንንሽ የትራፊክ ዋራንት እዚያ መዝገብ ጭራሽ አይገባም፣ ስቴቱ ውስጥ ይቀራል። ወንድምሽ ሲያትል ቢኖር ኖሮ ፖሊሱ ምናልባት "ቨርጂኒያ ጉዳይ አለብህ፣ ጨርሰው" ብሎ ይሸኘው ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ግን ጎረቤት ነው። የፌርፋክስ ሰዎች በቤልትዌይ አውራ ጎዳና መጥተው ለምሳ ይመለሳሉ።

ስሙ ስክሪን ላይ ስለወጣ ብቻም አይታሰርም። ያስቆመው ፖሊስ ዋራንቱን ወዳወጣው ቢሮ መልእክት ይልካል፣ ይሄ ነገር አሁንም አለ ወይ፣ ሰውየውንስ ትወስዱታላችሁ ወይ ብሎ። አስቸኳይ ከሆነ በ10 ደቂቃ፣ ካልሆነ በ1 ሰዓት መልስ ይጠበቃል። አዎ ካሉ ካቴና ነው።

ከዚያ ሜሪላንድ ዳኛ ፊት ይቀርባል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ስለ ፍጥነቱ ማስረዳት ይጀምራል። ዳኛው ጥፋተኛ ነህ አይደለህም የሚለው ውስጥ አይገባም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ሚቺጋን በዶራን ላይ በተባለው ጉዳይ ቆርጦታል፦ ወረቀቱ ተሟልቷል ወይ፣ ሰውየው ተከሷል ወይ፣ የተባለው ሰው እሱ ራሱ ነው ወይ፣ ከዚያ ስቴት የሸሸ ነው ወይ። በቃ። ከዚያ "ፈቅደህ ትሄዳለህ ወይስ ትከራከራለህ?" ይባላል። ዌቨር፣ ማለትም ሳልከራከር እሄዳለሁ የሚለውን ወረቀት፣ ከፈረመ የቨርጂኒያ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል። አልፈርምም ካለ የቨርጂኒያ ገቨርነር (የስቴቱ ገዥ) ለሜሪላንድ ገቨርነር በጽሑፍ ይጠይቃል፣ የሜሪላንዱም የራሱን ዋራንት ያወጣል። ይሄ ሁሉ እስኪሆን 30 ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ዳኛው ሌላ 60 ሊጨምርበት ይችላል። በመሀል በዋስ መለቀቅ አለ። ለፍጥነት ክስ ገቨርነር ድረስ የሚሄድ እኔ አላየሁም፣ ግን ሕጉ ይሄ ነው።

ባለ_ከባድ_መኪና፦

ፌሎኒ ሲሆን ሌላ ዓለም ነው። አንድ ጓደኛዬ፣ እሱም ትራክ ነጂ ነው፣ ደቡብ ካሉት ስቴቶች በአንዱ ሱቅ ሲሠራ የቼክ ጣጣ ነበረበት። ዋራንት መውጣቱን አያውቅም። ኦሃዮ ውስጥ ሚዛን ላይ ወረቀቱን ሲያጣሩ ያዙት። ጭነቱ እዚያው ቆሞ ቀረ፣ ካምፓኒው ሌላ ሹፌር ልኮ ነው ያስነሳው።

ነገ ይወስዱኛል ብሎ ጠበቃ ሳያናግር ዌቨሩን ፈረመ። የነገው ሰው አልመጣም። የከነገ ወዲያውም አልመጣም። በመጨረሻ የመጣው ፖሊስ እንዳይመስላችሁ፣ እስረኛ በኮንትራት የሚያመላልስ የግል ካምፓኒ ቫን ነው። ያ ቫን ቀጥታ አይሄድም፣ ልክ እንደኛ ሀገር ሚኒባስ ሰው እየጫነና እያወረደ በየካውንቲው እስር ቤት ይዞራል። እጅና እግር ታስረህ፣ ቁጭ ብለህ እየተኛህ። ሲደርስ ዳኛው በዋስ ለቀቀው፣ ክሱም ገንዘቡን ከፍሎ ተዘጋ። እስከዛሬ ስለ ክሱ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፣ ስለ ቫኑ ግን ለቅሶ ቤት ሳይቀር ያወራል።

ስትፈርሙ በጠበቃ በኩል አንድ ነገር ጠይቁ፣ እስከዚህ ቀን ካልመጡ ይለቀቅ ተብሎ ቀን እንዲቆረጥ። የፌዴራሉ ሕግም ከተያዘ በ30 ቀን ውስጥ የሚወስደው ካልመጣ ሊለቀቅ ይችላል ይላል።

ዝም_ብዬ_አልፌ፦

ትኬት ቆርጧል አይደል? በዛው ይቅራ ሃሃ። ኢትዮጵያና አሜሪካ እስረኛ የመሰጣጠት ውል የላቸውም።

ሕግ_ወዳድ፦

@ዝም_ብዬ_አልፌ ውል አለመኖሩ እውነት ነው፣ የኢትዮጵያ ወንጀል ሕግ አንቀጽ 21ም ዜጋን ለውጭ ሀገር አሳልፎ መስጠት ይከለክላል። ግን ለፍጥነት ክስ አዲስ አበባ ድረስ ማን ይሄዳል? መከራው ሲመለስ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው ደላስ ኤርፖርት ነው፣ ደላስ ደግሞ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው ያለው፣ ከፊሉም እዚያው ፌርፋክስ ካውንቲ ላይ ነው። ፓስፖርት ላይ ያሉት ሰዎች መዝገቡን ያያሉ። እዚያ ከተያዘ ኤክስትራዲሽን (ከስቴት ስቴት አሳልፎ መስጠት) የሚባል ነገር የለም፣ ዋራንቱ የወጣበት ስቴት መሬት ላይ ቆሟል። ለመሄድም ቢሆን እዚያው ነው የሚገባው።

ከላይ የተጻፈው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ገቨርነር እምቢ ማለት ይችላል ወይ የሚለውን። ድሮ ይችል ነበር። በባርነት ዘመን አንዲት ሴት ከኬንታኪ እንድታመልጥ የረዳን ነፃ ጥቁር ሰው የኦሃዮ ገቨርነር አልሰጥም አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1861 ግዴታ አለብህ፣ ግን የሚያስገድድህ የለም ብሎ ተወው። ያ ፍርድ ከመቶ ዓመት በላይ ቆሞ በ1987 ፖርቶ ሪኮ በብራንስታድ ላይ በተባለው ጉዳይ ተሻረ። አሁን የፌዴራል ፍርድ ቤት ገቨርነርን ማስገደድ ይችላል።

ግን ቀዳዳ አለው፣ ግዴታው ለሸሸ ሰው ነው። በ2025 ሉዊዚያና የፅንስ ማስወረጃ መድኃኒት ላከች ብላ የከሰሰቻትን የኒው ዮርክ ሐኪም ስጡኝ ስትል ገቨርነር ሆኩል አልሰጥም ብላለች። ሐኪሟ ኒው ዮርክ ተቀምጣ ነው ላከች የተባለው፣ ካልነበረችበት ስቴት ሸሸች አይባልም። የእህታችን ወንድም ግን የተያዘው ራሱ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ስለሆነ ይሄ አይነካውም።

ስለ ዌቨርም፣ በታኅሣሥ 2024 የዩናይትድ ሄልዝኬርን ኃላፊ ኒው ዮርክ ላይ ገድሏል ተብሎ ፔንሲልቫኒያ የተያዘውን ልጅ አስታውሱ። መጀመሪያ አልሄድም ብሎ ተከራከረ፣ ከ10 ቀን በኋላ ዌቭ አደረገ፣ በዚያው ቀን ኒው ዮርክ ወሰዱት። ሁለቱ ስቴቶች ከፈለጉ እንዲህ ይፈጥናል። ካልፈለጉ ደግሞ ቫኑን ጠብቅ ነው።

እህቱ_ነኝ፦

እግዜር ይስጣችሁ። የደላሱን ነገር ጭራሽ አላሰብነውም ነበር። አሁን ምን እናድርግ? ራሱ ሄዶ እጁን ይስጥ? በዚያ ላይ ዛሬ አንድ ሰው ደውሎለት "ከሸሪፍ ቢሮ ነኝ፣ በጊፍት ካርድ ከከፈልክ ዋራንቱን እናነሳዋለን" አለው። እናቴ ክፈሉና ይለቅ እያለች ነው።

የጠበቃ_ቢሮ_ልጅ፦

እንዳትከፍሉ! ሌባ ነው። የትኛውም ሸሪፍ በጊፍት ካርድ ዋራንት አያነሳም። "እዚያ ቢሮ ሰው አለኝ" የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ ቢመጣባችሁም ያው ነው።

ጠበቃ ያዙ፣ ጠበቃው ግን የሜሪላንድ ሳይሆን ፌርፋክስ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ይሁን። ዋራንቱ ያለው እዚያ ነው፣ ማንሳት የሚችለውም ያ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃው ካፒያሱ እንዲነሳና አዲስ ቀን እንዲቆረጥ ማመልከቻ ያስገባል። ዳኛው ከፈቀደ ወንድምሽ ተይዞ ሳይሆን ሱፉን ለብሶ ይቀርባል። ካልፈቀደ ራሱ ማጂስትሬት (ስለ እስርና ዋስ የሚወስን የፍርድ ቤት ሹም) ዘንድ ይሄዳል፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማጂስትሬት ቀንም ሌሊትም አለ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ቀን ተሰጥቶት በዋስ ወይም በፊርማ ይወጣል። ቢሆንም ዓርብ ማታ አይሂድ። ማክሰኞ ጠዋት ይሂድ፣ ያቆዩት እንኳ ቢባል በማግስቱ ዳኛ አለ። ራሱ መጣ የሚለው ዳኛ ፊት ይቆጠርለታል፣ ደላስ ተያዘ የሚለውም ይቆጠርበታል።

የዜግነት ፎርሙን ይሄ ሳያልቅ እንዳያስገባ። ፎርሙ የታሰርክበት፣ የተከሰስክበት፣ የተጻፈብህ ነገር አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ አሻራውም ኤፍቢአይ ጋ ሄዶ ይጣራል። ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ከመፈረሙ በፊትም ግሪን ካርዱን ይነካዋል ወይ ብሎ ጠበቃውን ይጠይቅ። ከ2010 ጀምሮ፣ የፓዲያ ጉዳይ ከተወሰነ ወዲህ፣ ዜጋ ላልሆነ ደንበኛ ይሄን መንገር የወንጀል ጠበቃ ግዴታ ነው። ዝም ካለ እናንተ ጠይቁት።

መኪናውንም ለጊዜው ባይነዳ ይሻላል። ኮርት ስላልቀረበ ላይሰንሱ ራሱ ታግዶ ሊሆን ይችላል፣ ሞተር ቪሂክል ቢሮ ይጠይቅ። ታግዶ ሲነዳ ከተያዘ ሌላ ክስ ነው።

ዲሲ_ታክሲ፦

እኔ ዲሲ ነኝ፣ እኛ ገቨርነር የለንም። እኛጋ ሲሆን ማን ነው የሚፈርመው? ሜየሯ (ከንቲባዋ)?

ሕግ_ወዳድ፦

አይደለችም። ዲሲ ውስጥ የገቨርነሩን ሥራ የሚሠራው የሱፒሪየር ኮርቱ ዋና ዳኛ ነው። ሌላው አሠራር ያው ነው፣ የቨርጂኒያ ዋራንት ካለብህ እዚያው ዲሲ፣ አናኮስቲያ ብትያዝም ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ መንገዱ አጭር ነው።

እህቱ_ነኝ፦

ፌርፋክስ ያለ ጠበቃ ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ሰጥቶናል። የድሮውን ቲኬትና የአድራሻ ለውጡን ወረቀት ይዛችሁ ኑ ብሏል። ቲኬቱ ጠፍቷል፣ የኬዝ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል ወይ?

የጠበቃ_ቢሮ_ልጅ፦

ይበቃል። የፍርድ ቤቱን ገጽ ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ። ሲመጣ አንቺ ንጂለት።