ፋየርዎሉ በገዛ ሰንጠረዡ ታፍኖ ይቆምብኛል
ሰላም ለሁላችሁ። የ40 ሰው ቢሮ ኔትወርክ የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ፋየርዎላችን 2 ጊጋባይት ራም ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ሊኑክስ ነው። አይፒቴብልስ (የሊኑክስን የፓኬት ማጣሪያ) ይጠቀማል፣ ናቱንም (የውስጥና የውጭ አድራሻ መቀያየሩን) የሚሠራው እሱው ነው።

ከሰኞ ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ድንገት ጭጭ ይላል። ሲፒዩው ዘና ብሎ ተቀምጧል፣ መስመሩም አልሞላም። ሎጉ ላይ ግን «ቴብል ፉል፣ ድሮፒንግ ፓኬት» (ሰንጠረዡ ሞልቷል፣ ፓኬት እየጣልኩ ነው) የሚል የኮንትራክ፣ ማለትም ፋየርዎሉ በውስጡ የሚያልፉትን ግንኙነቶች የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ፣ መልእክት ይደረደራል። ሳየው 65536ቱም ቦታ ተይዟል። አብዛኛው ከውጭ ወደ ዌብ ሰርቨራችን መጥቶ በሲን (ግንኙነት ለመክፈት በሚላከው የመጀመሪያ ፓኬት) ደረጃ የቀረ፣ ያልተጠናቀቀ ግንኙነት ነው።

ጣሪያውን ወደ 262144 አነሳሁት። 20 ደቂቃ ገዛልኝ፣ በቃ። የተመሠረተ ግንኙነት የሚቆይበትን 432000 ሰከንድ (5 ቀን እኮ ነው!) ወደ 3600 አወረድኩት፤ ለውጥ የለም። ሲን ኩኪም (ግንኙነቱ እስኪጠናቀቅ ቦታ ሳይዝ ለሲን መልስ የሚሰጠውን ዘዴ) አበራሁ። ለካ እሱ የሚጠብቀው ማሽኑ ራሱ የሚቀበለውን እንጂ የሚያሳልፈውን አይደለም። አይፒ እንዳላግድ አድራሻዎቹ በየሰከንዱ ይቀያየራሉ፤ የውሸት ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን የቀረኝ ሲንፕሮክሲ ነው፤ ማለትም ፋየርዎሉ በሰርቨሩ ፈንታ ሲኑን ተቀብሎ የተጠናቀቀውን ግንኙነት ብቻ እንዲያሳልፍ ማድረግ። ዌብ ሰርቨሩ ከናት ጀርባ ሆኖ ሲንፕሮክሲን ፋየርዎሉ ላይ ያሠራችሁ ካላችሁ፣ ደንቦቹን በምን ቅደም ተከተል አስቀመጣችኋቸው?