ቫዮሊንም ቪዮላም ለመቅዳት ማንን ልስማ?

ጠያቂ (ከደሴ)
ሰላም ቤተሰብ። ቫዮሊን እጫወታለሁ። ባቲንና አምባሰልን ቀድቼ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ባቲው ደስ ይለኛል፤ አምባሰሉ ላይ ግን ድምፁ ይቀጥንብኛል። ውጭ ያለ ዘመዴ ቪዮላ፣ ከቫዮሊን ተለቅ ያለውንና ድምፁ የሚወፍረውን፣ ልላክልህ ብሎኛል። በሁለቱም የቀዱ ክላሲካል ተጫዋቾች አሉ? እጄስ አይበላሽብኝም?

የሸክላ ወዳጅ
አብሽር ወንድሜ፣ አሉ። በዊሊያም ፕሪምሮዝ ጀምር። መጀመሪያ ሸክላ ያስቀዳው በቫዮሊን ነው። መምህሩ ኢዛይ ወደ ቪዮላ ገፋፉት፤ እ.ኤ.አ. በ1930 የለንደን ስትሪንግ ኳርቴት ቪዮላ ተጫዋች ሆነ። ለብቻ ቫዮሊን የተጻፉትን የፓጋኒኒ ካፕሪሶች (አጫጭር ከባድ ድርሰቶች ናቸው)፣ 5ኛውንና 24ኛውን፣ በቪዮላ ቀድቷቸዋል። ስማቸው፤ የቫዮሊን እጁ የትም አልሄደም። ቀጥለህ በ1944 ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር የቀዳውን፣ ቪዮላ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበትን የቤርሊዮዝ «ሃሮልድ በጣሊያን» አድምጥ። ያኔ የሸክላ አንድ ገጽ የሚይዘው ከ4 እስከ 5 ደቂቃ ነበር። መሀል ላይ ከተሳሳትክ ገጹን እንደ አዲስ ነው። አንተም አምባሰሉን ሳታቋርጥ ቅዳው። ተቆራርጦ ሲገጣጠም ዜማው ይሞታል።

የቫዮሊን አስተማሪ
እኔ የሶቪየቱን ቫዮሊን ተጫዋች ዳቪድ ኦይስትራክን እጨምራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 ለቫዮሊንና ለቪዮላ የተጻፈውን የሞዛርትን «ሲንፎኒያ ኮንቸርታንቴ» ሲቀዳ ቫዮሊኑን ለልጁ ለኢጎር ሰጥቶ እሱ ቪዮላውን ያዘ። ቫዮሊኑ ያለውን ቪዮላው ዝቅ ብሎ ይቀበለዋል፤ ልክ እንደ አዝማሪና ተቀባይ። ሞዛርት የቪዮላው ክሮች ግማሽ ድምፅ ከፍ ብለው እንዲቃኙ ነው የጻፈው፤ እንዲደምቅ። ስለ እጅህ አትስጋ። ቪዮላ ላይ የጣቶች ርቀት ሰፋ ይላል፤ ደጋኑንም ትንሽ መጫን ይፈልጋል። በቀስታ፣ ረጃጅም ድምፆችን እየያዝክ ጀምር። ክሮቹ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ናቸው። የምትፈልገው ውፍረት ያለው ዶዋ ላይ ነው።

ከኮምቦልቻ
ቪዮላው እስኪደርስ፣ በቪዮላ ቅኝት ለቫዮሊን ርዝመት የተሠሩ ክሮች አሉ፤ እነሱን ሞክር። ስትቀዳ ጋቢና ፍራሽ ያለበት ክፍል ምረጥ። ስልኩን ከመሣሪያው ራቅ፣ ከፍም አድርገው። አጠገብህ ካስቀመጥከው የደጋኑን ፍትግታ ብቻ ነው የሚቀዳልህ።

ጠያቂ
ኑሩልኝ። የቪዮላው አካል 42 ሳንቲ ሜትር ነው ተባልኩ። እኔ አጭር ነኝ፤ አይበዛም?

የቫዮሊን አስተማሪ
ይበዛል። የቫዮሊን አካል 35.5 አካባቢ ነው። ሳይልከው 39 ወይም 40 ይፈልግልህ። ሲመጣ ትንሿ ጣትህን ዶ ክር ላይ አሳርፋት። ትከሻህ ከተነሣ አሁንም ትልቅ ነው።