የወጪ መዝገብ ያልያዘ ሰው የዓመቱን የገንዘብ ሁኔታ እንዴት ሊመረምር ይችላል?

ጥያቄ፦ «የወር ደመወዝ»

ጤና ይስጥልኝ። ዓመቱ ሊጠናቀቅ ጥቂት ሳምንታት ስለቀሩት የገንዘብ አያያዜን ከዳር እስከ ዳር መመርመር እፈልጋለሁ። ደመወዝተኛ ነኝ፤ አንድ የቁጠባና አንድ ተንቀሳቃሽ ሒሳብ አለኝ፤ በየወሩ የምከፍለው የባንክ ብድርም አለብኝ። የዕለት ወጪን መዝግቦ የመያዝ ልማድ ግን የለኝም፤ ያነበብኳቸው ምክሮች ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል የሚጀምሩት «የዓመቱን የወጪ መዝገብዎን ያውጡ» በማለት ስለሆነ ከመጀመሪያው መስመር ማለፍ አልቻልኩም።

ያለ መዝገብ የዓመቱን ወጪ ማወቅ ይቻላል ወይ? የቁጠባ ሒሳቤ ካለፈው ዓመት ከፍ ብሎ ሳለ ኑሮዬ የተሻሻለ ሆኖ የማይሰማኝስ ለምንድን ነው? ልምድ ያላችሁ ብታብራሩልኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ «ሚዛን»

መዝገብ አለመኖሩ ምርመራውን አያስቀርም። የዕለት መዝገብ የሚጠቅመው ገንዘቡ በምን በምን ላይ እንደዋለ ለማወቅ ነው፤ በጠቅላላው ምን ያህል እንደወጣ ግን ወደ ኋላ ሄዶ ማስላት ይቻላል። በዓመቱ መጀመሪያ በእጅዎና በሒሳቦችዎ በነበረው ገንዘብ ላይ በዓመቱ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይደምሩና ዛሬ ያለዎትን ይቀንሱለት፤ የሚተርፈው ቁጥር፣ ያስታወሱትም ይሁን የረሱት፣ ከእጅዎ የወጣው ገንዘብ ነው።

ለስሌት ያህል ብቻ የተወሰዱ ቁጥሮችን ልጠቀም። በዓመቱ መጀመሪያ በሁለቱም ሒሳቦች በድምሩ 40,000 ነበረ እንበል፤ የተጣራ ደመወዝ በወር 15,000፣ በዓመት 180,000 ገባ፤ ዛሬ ያለው 46,000 ነው። እንግዲህ 174,000 ወጥቷል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለባንክ ብድር የተከፈለው 33,000 ቢሆንና 24,000ው ዋናውን ዕዳ፣ 9,000ው ወለዱን የሸፈነ ቢሆን፣ 24,000ው እንደ ሌላው ወጪ ጠፍቶ የቀረ አይደለም፤ ዕዳዎን በዚያው ልክ ቀንሶልዎታል። ስለዚህ የዓመቱ እውነተኛ ወጪ 150,000፣ በወር ደግሞ 12,500 ነው። በሌላ በኩል ተቀማጭዎ በ6,000 ጨምሯል፣ ዕዳዎ በ24,000 ቀንሷል፤ የተጣራ ሀብትዎ፣ ማለትም ካለዎት ላይ ዕዳዎ ሲቀነስ የሚቀረው፣ በ30,000 አድጓል። ይህ ቁጥር ከገቢዎ ላይ ወጪዎን ሲቀንሱ ከሚያገኙት 30,000 ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ በመደመሩ ወይም በመቀነሱ ላይ ስሕተት አለ። በነገራችን ላይ ጣሊያናዊው መነኩሴ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው የሒሳብ መጽሐፍ የሁለትዮሽ መዝገብ አያያዝን፣ ማለትም እያንዳንዱን ሒሳብ በሁለት በኩል መመዝገብን፣ ሲገልጽ፣ መዝገብን በየዓመቱ መዝጋት፣ በተለይም በሽርክና ለሚሠሩ፣ መልካም መሆኑን ጽፎ ነበር። ጉዳዩ ለነጋዴ ብቻ የሚሆን አይደለም።

ሁለት ቦታ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከተንቀሳቃሽ ሒሳብ ወደ ቁጠባ ያዛወሩት ገንዘብ በቁጠባው መግለጫ ላይ «ገቢ» ሆኖ ስለሚታይ እንደ አዲስ ገቢ እንዳይደምሩት። ሁለተኛው ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ የማይታሰበው የቀን ጉዳይ ነው፤ የመነሻው ቀሪ ሒሳብ ደመወዝ ከመግባቱ በፊት፣ የመድረሻው ደግሞ ደመወዝ ከገባ በኋላ የተወሰደ ከሆነ፣ ምንም ሳይቆጥቡ የአንድ ወር ደመወዝ የቆጠቡ ይመስልዎታል። በሁለቱም ዓመታት ደመወዝ ከመግባቱ በፊት ያለውን ዕለት መውሰድ ይህን ያስወግዳል።

ጠቅላላው ከታወቀ በኋላ ዝርዝሩ ያን ያህል አይከብድም። የቤት ኪራይ 60,000፣ የትምህርት ክፍያ 24,000፣ ትራንስፖርት 18,000፣ ወለድ 9,000 መሆናቸውን ከደረሰኝና ከባንክ መግለጫ ማግኘት ይቻላል፤ ድምሩ 111,000 ነው። ምንነቱ ያልታወቀው 39,000 ብቻ ሆነ። ለዚህ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሦስት ወራት መግለጫ አውጥተው በኤቲኤም የወጡትን መስመሮች ብቻ ያስምሩባቸው። ቀኖቹን ዝቅ እያሉ ሲያነቡ፣ ደመወዝ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ተደራርበው የሚወጡ ትልልቅ ጥሬ ገንዘቦችና በወሩ መገባደጃ ላይ በቀናት ልዩነት የሚወጡ ትንንሾች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ትልልቆቹ በምን ላይ እንደዋሉ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያስታውሳል።

መልስ፦ «ደብተር»

በ«ሚዛን» ስሌት እስማማለሁ፤ ሦስት ወር በቂ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚመጡ ወጪዎች፣ ማለትም የሕክምና፣ የቤት ዕቃ ጥገና፣ የተበላሸ ስልክ መተካት፣ የመድን ክፍያና የመሳሰሉት፣ በሦስቱ ወራት ውስጥ ካልወደቁ ጨርሶ አይታዩም፤ ከወደቁ ደግሞ በአራት ሲባዙ ወጪውን ከልክ በላይ ያሳብጡታል። ስለዚህ የአሥራ ሁለቱም ወራት መግለጫ ይውጣና ከተለመደው የወር ወጪ ጎልተው የሚታዩት መስመሮች ብቻ ለብቻቸው ይለቀሙ። የባንኩ መተግበሪያ ካለዎት የአንድ ማለዳ ሥራ ነው።

በእርሱ ምሳሌ ልቀጥል። በዓመቱ ለሕክምና 7,000፣ ለጥገና 9,000፣ ለስልክ 8,000 ወጥቶ ከተገኘ ድምሩ 24,000 ነው፤ ምንነቱ ሳይታወቅ የቀረው ወደ 15,000፣ በወር ወደ 1,250 ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው «ገንዘቤ እንዴት እንደሚያልቅ አይገባኝም» ሲል ጥፋቱን በሻይና በትንንሽ ግዢዎች ላይ ያላክካል፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን አብዛኛውን ጊዜ በጀቱን የሚያናጉት «ድንገተኛ» እየተባሉ በየዓመቱ የሚመላለሱት እነዚህ ወጪዎች ናቸው። አምና ሕክምና፣ ዘንድሮ ጥገና ይሆናል እንጂ ድምራቸው ከዓመት ዓመት ብዙም አይራራቅም። ስለዚህ 24,000ውን ለአሥራ ሁለት አካፍለው በየወሩ 2,000 ለብቻው እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ ከተቻለም ደመወዝ በገባ ማግስት ባንኩ ራሱ እንዲያዛውረው ይዘዙ። ገንዘብ ያው ገንዘብ ሆኖ ሳለ ሰው በአእምሮው በልዩ ልዩ ከረጢት ከፋፍሎ እንደሚይዘው ያጠናው ሪቻርድ ታለር እ.ኤ.አ. በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ ይህ ዝንባሌ አንዳንዴ ጎጂ ቢሆንም እዚህ ላይ ለእርስዎ ይሠራል።

መልስ፦ «ወለድና ዋጋ»

ተቀማጭዎ ጨምሮ ኑሮዎ ያልተሻሻለ የሚመስልዎት ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 40,000 ወደ 46,000 አድጓል፤ የዓመቱ የዋጋ ንረት 12 በመቶ ከነበረ ግን የመጀመሪያው 40,000 ይገዛ የነበረውን ለመግዛት ዛሬ 44,800 ያስፈልጋል፤ በዛሬ ዋጋ የተገኘው ትርፍ 1,200 ብቻ ነው። ደመወዝዎ በዚያው ዓመት 8 በመቶ ቢጨመርልዎ እንኳ የመግዛት አቅሙ 3.6 በመቶ ገደማ ወርዷል። የገንዘብ አቅም በስንት ዓመት በግማሽ እንደሚወርድ ለመገመት 72ን ለንረቱ መጠን ማካፈል ይበቃል፤ በ12 በመቶ ንረት የገንዘብ የመግዛት አቅም በስድስት ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል።

በይፋ የሚነገረው የንረት መጠን የብዙኃኑን የወጪ ስብጥር የሚወክል አማካይ እንጂ የእርስዎ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። በምሳሌው የቤት ኪራይ ከ150,000ው ውስጥ 60,000፣ ማለትም 40 በመቶ ነው። ኪራዩ ብቻ በ25 በመቶ ቢጨምር ሌላው ሁሉ ባለበት ቢቆይ እንኳ አጠቃላይ ወጪው በ10 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ ትልልቆቹን ሦስት ወይም አራት ወጪዎች ካለፈው ዓመት ዋጋቸው ጋር ማነጻጸር ከማንኛውም መግለጫ ይልቅ ለእርስዎ ይጠቅማል።

የብድሩን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ብድሩ 15 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ሆኖ ቁጠባው 7 በመቶ ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ፣ ከመጠባበቂያ በላይ የተቀመጠው ገንዘብ በየዓመቱ የ8 በመቶ ልዩነት ያስከፍልዎታል። መጠባበቂያ የሚለካው በወር ወጪ ነው፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያቆይ መሆን አለበት የሚለው የተለመደ መለኪያ ነው። በወር 12,500 ለሚያወጣ ሰው የሦስት ወሩ 37,500 ስለሆነ ከ46,000ው ላይ 8,500 ይተርፋል፤ ይህ ወደ ብድሩ ቢሄድ በዓመት 680 ያህል ያድናል። ሥራው አስተማማኝ ያልሆነ ሰው ግን 680ውን ትቶ ገንዘቡን በእጁ ቢያቆይ አልፈርድበትም። ከመክፈልዎ በፊት ውሉ ቀድሞ ለመክፈል ቅጣት እንዳለው ያንብቡ፤ ተጨማሪው ክፍያ ከዋናው ዕዳ ላይ እንዲቀነስም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው ወር እንደተከፈለ ተደርጎ ሊያዝ ይችላል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «የወር ደመወዝ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ስሌቱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ለዘመድና ለጓደኛ ያበደርኩት፣ በወረቀት ያልሰፈረ ገንዘብ አለ። እንደ ሀብት ልቁጠረው ወይስ እንደ ወጪ? የቤት ዕቃዎቼንስ?

መልስ፦ «ሚዛን»

የቤት ዕቃዎቹን ይተዋቸው። ለመሸጥ ያላሰቡትን አልጋና ወንበር በገዙበት ዋጋ መደመር ቁጥሩን ከማሳበጥ ሌላ ፋይዳ የለውም፤ መኪና ካለዎት ግን ዛሬ ቢሸጥ በሚያወጣው ዋጋ ያስገቡት።

ብድሩን በተመለከተ የሒሳብ ባለሙያዎች ከደንበኛ የሚጠበቅ ገንዘብን የሚይዙበት መንገድ ለግለሰብም ይሠራል፤ ተሰብሳቢው በሙሉ ይመዘገባል፣ መመለሱ ለሚያጠራጥረው ግን ተቀናሽ ይያዝለታል። የተበዳሪዎቹን ስም፣ መጠኑንና ቀኑን ይጻፉና ከእያንዳንዱ ጎን ይመለሳል ብለው ከልብዎ የሚያምኑትን መጠን ብቻ ያስቀምጡ። 10,000 አበድረው 6,000 ብቻ የሚጠብቁ ከሆነ ሀብትዎ 6,000 ነው፤ ቀሪው 4,000 የዚህ ዓመት ወጪ ሆኖ ይያዝ። ይህ መዝገብ ለእርስዎ ብቻ ስለሆነ ተበዳሪውን «ምሬሃለሁ» ማለት አይጠበቅብዎትም። ገንዘቡ በሚመጣው ዓመት ሲመለስ ደግሞ 6,000ውን በገቢ ውስጥ አይደምሩት፤ ቀድሞውንም የእርስዎ ነበርና። ከዚያ በላይ የመጣ ካለ እርሱ ብቻ ነው እንደ ገቢ የሚቆጠረው።